አረንጓዴዋ ብረት

ሹፌሩ ጡረታ የወጣ ሰሞን ሚስቱን ሊያሳብዳት ምንም አልቀረው። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ረጅም ዳገት በከተማ አውቶብስ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ ቤት መዋል ሲጀምር የሚነዳው ነገር አጣና እሷን ሊነዳት ተነሣ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ዳገቱ ግርጌ፣ አውቶብሱ ከሚዞርበት አደባባይ ጥግ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎችና አንዲት የጨርቅ ማስቀመጫ አሉ። ጠዋት ሻዩን ይጠጣና መጥቶ ከኋላዋ ይገተራል። ክሩ በየቀለሙ ቢደረደር፣ መብራቱ ትንሽ ወዲህ ቢል፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ከበሩ ራቅ ቢል እያለ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ይቀጥላል። እሷ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትሠራ መመለስ አትችልም። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እንደ እሺታ ይቆጥረዋል።

ሰፈርተኛው የሚጠራው «ፍሬን» እያለ ነው። በሥራ ዘመኑ ከእሱ የባሰ ቀርፋፋ ሹፌር አልነበረም፤ ነገር ግን በእሱ አውቶብስ ተሳፍራ እንቁላል የተሰበረባት ሴትም አልነበረችም። ስሙን በፌዝ ያወጡለት ሰዎች ራሳቸው፣ እናቶቻቸውን ሐኪም ቤት ሲልኩ የእሱን አውቶብስ ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ቤት ለሚለቅ ጎረቤት ቁም ሣጥን ሊያወርድ ሄዶ ብስክሌት እየገፋ ተመለሰ። ብስክሌቷ ከጎረቤቱ ዕቃ ቤት፣ ከተበላሸ ማቀዝቀዣ ኋላ ተወሽቃ ዓመታት ኖራለች። ሰውዬው ሊጥላት ነበርና «ይዘሃት ሂድ» ብሎት ነበር፤ ፍሬን ግን በነጻ የመጣ ነገር አይከበርም ብሎ የአንድ ደህና የጨርቅ መቀስ ዋጋ የማይሞላ ገንዘብ በግድ አስጨብጦት መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየቻት። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው ተኝተዋል። ሰንሰለቱ ዝጎ አንድ ቁራጭ ብረት ሆኗል። ኮርቻው ተቀዶ ስፖንጁን አስጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ብስክሌት ነው።»

«ነበር በለው» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጦርነትም ሰላምም ነበሩ። ጦርነቱ ወጥ ቤት ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ አንሶላ ተነጥፎ ብሎን፣ ቁልፍ፣ ጥቃቅን የብረት ኳስ ተዘርግፎበታል። የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ግራሶ ነክቷል። ሰንሰለቱን በምታበስልበት ድስት፣ ቤንዚን ውስጥ ነክሮት ያገኘችው ቀን፣ ድስቱንም ሰውየውንም ከቤት ልታስወጣ ትንሽ ነው የቀራት። ሰላሙ ደግሞ ሱቅ ነው። ብስክሌቷ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ስለ መቀሷ አቀማመጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታስብ ስለ ድስቱ ይቅር አለችው።

ሥራው አልቆ ብስክሌቷ በሁለት ጎማዋ ስትቆም ፍሬን ፊቱን ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ጫማውን አሰረና ወጣ። አደባባዩን እንኳ አልዞረም። መልሶ እየገፋት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጉልበቶቹ እንቢ አሉት። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮት ነበር፤ የዚያን ሁሉ ዘመን የአውቶብስ ፍሪሲዮን መርገጥ ጉልበቱን ጨርሶታል፤ ቀስ ብሎ መራመድ እንጂ ከዚያ በላይ አይፈቀድለትም። እሱ ግን ብስክሌት መሬት ስለማያስረግጥ ከመራመድም ይቀላል ብሎ ራሱን አታሎ ነበር።

ማንንም አልተናገረም። ብስክሌቷን የጨርቅ ማስቀመጫው ግድግዳ ላይ በሁለት ትልልቅ ምስማር ሰቀላት። ከሰዓት ከሰዓት በርጩማ ይዞ ይገባና ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ እንደ ሞተ ዘመድ ፎቶ ያያታል። ብስክሌቷ ከቤቷ እንድትወጣላት ስትመኝ የነበረችው ልብስ ሰፊ፣ አሁን በማስቀመጫው በር ስታልፍ እርምጃዋን ታለዝብ ጀመር።

አንድ ቀን ባሏ እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳለ ገበር ፍለጋ ወደ ማስቀመጫው ገባች። ጥቅሉን ከላይ ስትስብ ቀለበቷ ብስክሌቷን ነካ አደረገ። ብረቷ ጮኸች። የቆርቆሮ ጩኸት አይደለም፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ረዘም ብሎ የሚቆይ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ገበሩን ትታ እንደገና በጥፍሯ መታ አደረገቻት። ቀጥሎ መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደች።

በሙያዋ መገጣጠሚያ ሳታይ ልብስ አትገዛም። አሁንም ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ቧንቧዎቹ ወደሚገናኙበት ነው። ብየዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ ጥሩ እጅ እንደ ጠቀመው ቅምቅማት የትም አልወፈረም፣ የትም አልሳሳም። ሽቦዎቹ በብረቷ ሆድ ሥር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የፊት እግሯ ያለ አንዳች ጌጥ ወርዶ ቸርኬውን ይይዛል። ዛሬ ዛሬ መንገድ ላይ እንደምታያቸው ብስክሌቶች የሚወዛወዝ ስፕሪንግ የላትም፣ ፕላስቲክ የላትም። ፍሬን ዝገቱን ያነሣላት አረንጓዴ ቀለም ጥልቅ ነው፤ ፀሐይ የገባበት ጠርሙስ ይመስላል። በቀለሙ ላይ አንድ ወተት የመሰለ ቀጭን መስመር ተስሏል፤ ሠዓሊው ብሩሹን የት ላይ እንዳነሣ ይታያል።

«ይሄን የሠራ ሰው አልቸኮለም» አለች ለራሷ።

በርጩማው ላይ ያለው ባሏ ግን ሰማት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ብስክሌቷ ጠየቀችው፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ጠያቂ ያጣ አስተማሪ ይመስል ነገራት። ብረት ናት፤ ተራራ እንድትወጣ ነው የተሠራችው። ፔዳሉ ጋ ሦስት ጥርሳም ክቦች አሉ፤ ትንሿን ከያዝሽ ግድግዳም ትወጫለሽ። አሁን ሰው የሚሻው ክብደቱ ቀላል የሆነውን ነው፣ ዋጋው የመኪና ያህል ነው፣ ሲሰበር ደግሞ የሚጠግነው የለም። ብረት ግን ከታጠፈ ይቃናል፣ ከተሰነጠቀ ይበየዳል። «ብረት ይቅር ባይ ነው» አላት። «ሰው ሁሉ አዲሱን ሲያሳድድ ነው እሷን ለእኛ ጥሎልን የሄደው።»

ልብስ ሰፊዋ እየሰማችው የልጅነቷ ነገር ትዝ አላት። ልጅ ሳለች ወንድሟ ብስክሌት ነበረው። ሲማር ኮርቻውን ይዛ ከኋላው የምትሮጠው እሷ ነበረች፤ እሱ ሲለምድ እሷ ትንፋሽ አጥሯት ቀረች። ተራዬን ስጡኝ ያለች ቀን አባቷ ሳቁ፤ እናቷም ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ምን ትሠራለች አሉ። ያን ጊዜ አላለቀሰችም። ነገሩ ግን እንደ ተረሳ ስፒል ልብሱ ውስጥ ቀርቶ፣ አንዳንዴ ስትዞር ይወጋት ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፣ ሰውየው ተኝቶ ሳለ፣ ብስክሌቷን ከምስማሩ አወረደቻት። ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ትምህርት ቤት ጠዋት ግቢው ባዶ ነው፤ ዘበኛው ልብሱን የምትጠግንለት ደንበኛዋ ስለሆነ በሩን ከፈተላትና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አይቼ አላየሁም ማለቱ ነው።

ወደቀች። ደግሞ ወደቀች። ክርኗ ተላጠና ለደንበኞቿ በር መታኝ አለቻቸው፤ ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠና ያንንም በበሩ አሳበበች፤ አንዷ ደንበኛ በሩን አስጠግኚው ብላ መከረቻት። ከተረፈ ወፍራም ጨርቅ ቁርጭምጭሚቱ ጠበብ ያለ ሱሪ ሰፍታ ለበሰች። ኮርቻውን እግሯ መሬት እንዲደርስ አወረደችው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ወደ ግድግዳው እየሄደች ግድግዳው አልመጣም አለ፤ መሪውን አዙራው ኖሯል። ግቢውን ዞረችው። ዘበኛው አይቼ አላየሁም ማለቱን ረስቶ አጨበጨበ።

ሚስጥሯን የያዘች መስሏት ቀናት ሄዱ። አንድ ጠዋት ግን ደጃፏ ላይ ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ ኮርቻው ከፍ ብሎ ጠበቃት፤ ልክ ለእሷ እግር ቁመት። ፔዳሉን ስትረግጥ እግሯ ቀጥ አለ፤ ጉልበቷ ላይ የነበረው ጫና ተነሣ። ጎማው ተነፍቷል፣ ሰንሰለቱም ዘይት ጠጥቷል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቱ መስኮት ቀና ብላ አየች። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ትንሽ ግን ይነቃነቃል።

ቁርስ ላይ ፊቷን ሳያይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው» አላት። «ዳገቱ ከለመነሽ በኋላ ከሆነ ዘግይተሻል። አውቶብስም ቢሆን እንደዚያው ነው።»

«ማን ዳገት እወጣለሁ አለህ?»

«ማንም» አለ ፍሬን። «ዝም ብዬ ነው።»

ዳገቱ ስም አለው፤ ሕዝቡ «ነፍሴ አውጪኝ» ይለዋል። ከአደባባዩ ተነሥቶ የላይኛው ሰፈር እስኪደርስ ይጠማዘዛል፤ መካከሉ ላይ የውኃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ጥምዝ ከሁሉም ይከፋል። ልብስ ሰፊዋ አንድ እሑድ ሞከረችው። ማርሹን አስቀድማ ሰጠች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ እስከ ታንከሩም ደረሰች። እዚያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከኋላዋ ጥሩምባውን አንባረቀው፤ ልቧ ድው አለና ወረደች። የቀረውን እየገፋች ወጣች፣ እየገፋችም ወረደች። ከላይኛው ሰፈር አትክልት የምትሸጠው ሴት መንገድ ላይ አግኝታት፣ ብስክሌቷ አንቺን ይዛ መውጣት ሲገባት አንቺ ይዘሻት ወጣሽ እኮ ብላ በሣቅ ፈረሰች። ቀልዱ በማግስቱ አደባባዩ ላይ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ በሜዳው ብቻ መንዳት ጀመረች፤ ክር ልትገዛ፣ ዚፕ ልታመጣ፤ ወደ ዳገቱ ግን አንገቷንም አታዞርም።

አንዲት ሙሽራ ልብስ ልታሰፋ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። የላይኛው ሰፈር ልጅ ናት፣ ነርስ፤ ቀጭንና ዝምተኛ። እናቷ ግን የልጃቸውን የወሬ ድርሻ ጭምር የሚጨርሱ ናቸው። ቬሎውን ልብስ ሰፊዋ ከመጀመሪያዋ መርፌ እስከ መጨረሻዋ ዶቃ በእጇ ሠራችው። እናትየው በየልኬቱ ይመጡና አንድ ነገር ያስቀይራሉ። የሠርጉ ዋዜማ ደግሞ እጅጌው በዳንቴል ይሁን አሉ፤ ሙሽሪትም በጭንቀት ከስታ ወገቡ ሰፍቷት ነበር። ልብስ ሰፊዋ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ቬሎውን ሱቅ አስቀረችው፤ በሠርጉ ዕለት ማለዳ ጨርሳ ራሷ ታክሲ ይዛ ልታደርስላቸው፣ ወገቡንም እዚያው ገላዋ ላይ ልትይዝላት ተስማሙ።

በዕለቱ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ ስትበጥስ ባሏ ከውጭ ገባ። ጡብ የጫነ መኪና ዳገቱ ላይ ከታች ካሉት ጥምዞች በአንዱ ተገልብጧል፤ ሹፌሩ በሕይወት አለ፣ መንገዱ ግን ከዳር እስከ ዳር ታጥሯል። ታክሲ አይወጣም። አውቶብስ አይወጣም። ሙሽራው በተራራው በወዲያኛው መንገድ ይመጣል፤ ቬሎው ግን በዚህ በኩል ነው ያለው።

ስልኩ ጮኸ። የሙሽሪት እናት ናቸው። ልጃቸው ፀጉሯን ተሠርታ በውስጥ ልብስ ተቀምጣለች አሉ፤ እንግዳው መግባት ጀምሯል አሉ፤ ይህን ቀን ካበላሸሽብኝ ዓይንሽን አላይም አሉና ዘጉት።

ፍሬን እኔ በእግሬ ላድርሰው አለ። ሁለቱም ጉልበቶቹን አዩ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ወደ ማስቀመጫው ገባችና ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች።

«ታንከሩ ጋ...» አለ ባሏ።

«አውቃለሁ።»

«ጥሩምባ ቢነፋብሽ አትውረጂ። መንገዱ ያንቺም ነው። እኔ ለብስክሌት ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ፤ እነሱም ይጠብቁ።»

ቬሎውን በንጹሕ አንሶላ ጠቀለሉት፤ በላዩ ላይ የዝናብ ጨርቅ ደረቡበት። በሌላ አንሶላ እንደ ሕፃን አዘለችው፤ ባሏ ከፊት ለፊት በደንብ አድርጎ ቋጠረላት። መርፌ፣ ክር፣ ትንሿን መቀስ ኪሷ ከተተች። አደባባዩ ላይ የቆሙት ሰዎች ነጭ ነገር አዝላ አረንጓዴ ብስክሌት ላይ ስትወጣ አይተው ወሬያቸውን አቋረጡ።

የቆሙት መኪኖች ከአደባባዩ ጀምረው ተሰልፈዋል። በጎናቸው አለፈች። ሹፌሮች ወርደው ያጨሳሉ፣ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል። የተገለበጠው መኪና ጋ ስትደርስ በዳር በኩል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አገኘች። ጡቡ ግን እስከዚያ ተበትኗል። የፊት ጎማዋ አንዱን ዘለለ፣ ሌላውን ዘለለ፣ ሦስተኛው ላይ ተንሸራተተ። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ለማትረፍ በክርኗ ወደቀች፤ ብስክሌቷ በቀኝ ጎኗ ጡቡ ላይ ተጋጨች።

መጀመሪያ ጥቅሉን ዳሰሰች። ደህና ነው። ብስክሌቷን አንሥታ ገፋ ስታደርጋት ግን የኋላ ጎማው ቀጭ ቀጭ አለ። የማርሹ መንጠቆ፣ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ የጎማውን ሽቦዎች ይነካል። ለዳገቱ የሚሆነው ቀላል ማርሽ የማይነካ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ ጡቡ መካከል ቆማ ወደ ላይ፣ ወደ ቀረው ዳገት አየች።

ከቆመው አውቶብስ አንድ ወጣት ሹፌር ወርዶ ሲሮጥ መጣ። ሥራውን ያስለመደው ፍሬን ነበር።

«እትዬ፣ ተጎዱ እንዴ?»

እኔ ደህና ነኝ፣ እሷ ናት የተጎዳችው አለችና ወደ ብስክሌቷ አመለከተች። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ባቃናው ይሰበራል ብሎ ፈራ።

«አይሰበርም» አለችው። «ብረት ነው። ትልቅ ቁልፍ አምጣ።»

አመጣ። ልብስ ሰፊዋ ከብስክሌቷ ኋላ ተንበረከከች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ የቀሚስ ጠርዝ ቀጥ ማለቱን እንደምታይ አየች። ቀስ አድርገህ ሳበው አለችው። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ። በዛ፣ መልሰው። አሁን በቃ። ብረቱ ያለ ድምፅ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወጣቱ ፔዳሉን በእጁ ሲያዞረው ሰንሰለቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየተሻገረ እስከ መጨረሻው ትልቅ ክብ ወጣ፤ ሽቦ አልነካም። ወጣቱ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ለሣቅ ጊዜ አልነበራትም፤ ኮርቻው ላይ ወጥታ ነበር።

ዋናው ዳገት ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። ሳይለምናት ማርሹን ሰጠችው። እግሮቿ መዞር ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ፣ ሳይቆሙ። ላብ ዓይኗ ገባ። ትንፋሿ ከጥቅሉ በታች ጠበባት፤ ሆኖም እግሮቿ አልደከሙም፤ ይህ ለራሷም ገረማት። ለምን እንደሆነ የገባት ወደ ታንከሩ ስትቃረብ ነው። ልጅ ሆና ሥራ ስትጀምር አሠሪዋ የሰጧት የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እስክትገዛ ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ ስትረግጠው ኖራለች። ያን ሁሉ ዘመን ስትረግጥ መኪናው አንድ ክንድ እንኳ ፈቀቅ ብሎላት አያውቅም። አሁን በረገጠች ቁጥር ዛፉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከተማው ከሥሯ ይወርዳል።

ከሥሯ ያለችው ብረትም ታግዛታለች። መንገዱ ተቆፍሮ ሲያንገጫግጫት ብረቷ ጥቂት ለቀቅ ትልና ትመለሳለች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ቬሎ የሚያውቀው ነገር የለም። የምትሰጣት ጉልበት ሁሉ ወደ ጎማው ይሄዳል፤ አታባክንባትም።

የታንከሩ ጥምዝ ላይ ከላይ የሚወርድ መኪና ጥሩምባ ነፋባት። ልቧ እንደገና ድው አለ። እጆቿ ወደ ፍሬኑ ሄዱ። ያዝ ግን አላደረጉትም። መኪናው ጠብቆ ዳር ያዘ፤ እሷ ጥምዙን ሰፋ አድርጋ ዞረችው፤ ታንከሩም ከኋላዋ ቀረ። ከዚያ በላይ በብስክሌት ወጥታ አታውቅም።

መንገዱ በመዘጋቱ ሰው ሁሉ በእግሩ እየወጣ ነበር። አትክልት ሻጯም ቅርጫቷን ተሸክማ ከነሱ መካከል አለች። የጎማ ድምፅ ሰምታ ዞር ስትል፣ ልብስ ሰፊዋ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ቬሎ አዝላ፣ ከኮርቻው ሳትወርድ ትመጣለች። አትክልት ሻጯ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «መንገድ ልቀቁላት!» ብላ ወደ ላይ ተጣራች። «ሙሽራ አዝላ እየመጣች ነው!» ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። አንዱ አጨበጨበ፣ ቀጥሎ ሁሉም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሡላት። ልብስ ሰፊዋ ለማንም መልስ አልሰጠችም፤ ትንፋሿን የምትፈልገው ለእግሯ ነው፤ ውስጧ ግን ጮቤ ይረግጥ ነበር።

የላይኛው ሰፈር በር ላይ የሙሽሪት እናት ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሊሉ የነበረው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ልብስ ሰፊዋ ከፊታቸው ደርሳ፣ ፍሬን ይዛ፣ አንድ እግሯን መሬት ስታስቀምጥ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። እሳቸው ዝም ያሉት በዚያን ዓመት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቬሎው ከአንሶላው ሲወጣ አንድም ቦታ አልተጨማደደም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እጇን ታጥባ፣ ትንፋሿ ገና ሳይመለስ፣ ወገቡን በሙሽሪት ገላ ላይ ያዘችው፤ ላቧ እንዳይነካው አንገቷን ወደ ጎን አዙራ ሰፋች። ዝምተኛዋ ሙሽራ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን አየች።

«እውነት በብስክሌት ነው የመጡት?» አለቻት።

ብስክሌቷ በሩ ላይ ናት ብላ መለሰችላት። ሙሽሪት የቬሎውን ጅራት በሁለት እጇ ሰብስባ ወጣች፤ እናቷ እያዩ፣ እንግዳው እያየ፣ አረንጓዴዋን ብረት በእጇ ዳሰሰቻት። ፎቶ አንሺው የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሣው እዚያ ነው፤ ሙሽራው አልነበረበትም።

ልብስ ሰፊዋ ስትወርድ ነፋሱ ሱሪዋን እንደ ሸራ ነፋው። ላቧ ደረቀ። ከተማው ከእግሯ ሥር ተዘርግቷል፤ የሱቋ ጣሪያ የት እንደሆነ ልትለየው ሞከረች። ፍጥነቱን ወደደችው። መውረድ እንደዚህ እንደሚያስደስት ማንም ነግሯት አያውቅም።

ታንከሩ ጋ ባሏ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በእነዚያ ጉልበቶች እስከዚያ ወጥቷል፤ እንዴት እንደወጣ እሱና ዱላው ያውቃሉ። አጠገቡ ቆመች። እንዴት እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ፊቷ ነግሮታል።

«ስንተኛው ማርሽ ላይ አለፍሽው?» አላት።

«በትንሿ» አለችው። «ሁሉንም በትንሿ።»

ፍሬን ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አቧራ ነው አለ። ተነሥቶ መሪውን ያዘ፤ ብስክሌቷን እንደ ምርኩዝ ተደግፏት፣ ሚስቱ በወዲያ በኩል ሆና፣ በቀስታ ወረዱ። የታጠፈውንና የተቃናውን መንጠቆ አሳየችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ወጣቱ ሹፌር ጥሩ ሠርቷል አለ። እኔ ነኝ ያቃናሁት አለችው። እስከ አደባባዩ ድረስ ተከራከሩ።

ሠርጉ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ የአባቱን አሮጌ ብስክሌት ከዕቃ ቤት አውጥቶ አመጣ፤ ሌላዋ በልጅነቷ የነዳቻትን። ሁሉም የዛገ፣ ሁሉም የተረሳ፣ ሁሉም ብረት። ፍሬን ከሱቁ ደጅ ጠረጴዛ አወጣ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ግራሶው ከወጥ ቤት ወጣ፤ ድስቷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሙሽሪት እናት ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ቬሎው ላይ ጉድለት ተገኘ ብላ መርፌዋን አስቀመጠች። ሴትየዋ ግን ግራና ቀኝ አይተው፣ በሩን ከኋላቸው ገፋ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሱሪ ፈልጌ ነው አሉ። ያንን አንቺ የለበስሽውን የመሰለ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጠበብ ያለ። ቀጥለውም ልጃቸው እንዳትሰማ የሚፈሩ ይመስል፣ በዚህ ዕድሜ ይለመዳል ወይ ብለው ጠየቁ።

«ይለመዳል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መጀመሪያ ግን ይወድቃሉ።»

«ወድቄ አላውቅም እንዴ!» አሉ ሴትየዋ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገባቸውን መለካት ጀመረች። ከደጅ በኩል ደግሞ ፍሬን ቁልፉን በእጁ እንደያዘ አንገቱን አስግጎ፣ ለኮርቻው የሚሆነውን የእግራቸውን ቁመት በዓይኑ ይለካ ነበር።